ስሙን ያልጠራሁት ልጅ

ይህን ነገር ከሁለት ሰው በቀር የሰማው የለም። እናቴ አታውቅም፣ አብረውኝ ይጸልዩ የነበሩት አያውቁም፣ ፓስተሬም አያውቅም። ከሁለቱ አንዱ ፊት ለፊቴ ቆሞ ነው የሰማው። የሌላዋን ፊት ግን ለማየት እስከ ዛሬ አልደፈርኩም።

እኔ ፈሪ ነኝ። እሱን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ፈሪ ሰው ክፉ አይመስልም፤ እንዲያውም ደግ ይመስላል፣ ቶሎ ያለቅሳል፣ ቶሎ ይጸልያል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ያደረግኩትን ሁሉ ያደረግኩት እየፈራሁ ነው፤ አሁን ይህን የምጽፈውም እየፈራሁ ነው።

ሥራዬ ዌብሳይት መሥራት ነው። አዳማ ውስጥ የሆቴሉን፣ የጥርስ ክሊኒኩን፣ የግል ትምህርት ቤቱን ስሠራ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን አንድ ድርጅት ጠራኝና ከአዳማ እስከ ባቱ ባሉት ከተሞች የሚኖሩ ወጣቶች ስለ ውስጣቸው የሚጽፉበት የጥናት ድረ ገጽ እንድሠራ ጠየቀኝ። ስለ ጭንቀት፣ ስለ እንቅልፍ ማጣት፣ መኖር ስለ መጥላት። ጥናቱን የያዙት ሲስተር ዘሃራ የሚባሉ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነበሩ። አሰላ መንገድ ላይ ያለችው የደራ ሰው ናቸው፤ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እያቀላቀሉ ይናገራሉ፤ እኔን ገና በመጀመሪያው ቀን «ኢንተላ ኮ» ነው ያሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ቆንጆ ይሁን አልልሽም፤ የሚታመን ይሁን» አሉኝ። «ልጆቹ ካላመኑት ደህና ነን ብለው ይሞሉና እኛም ደህና ናቸው ብለን እንተኛለን።»

የሚታመን እንዴት ይሠራል? እኔ የማውቀው ቀለም መምረጥ ነው። መጀመሪያ የሠራሁትን ይዘን መቂ ሄድንና ወጣቶቹን ሰብስበን አሳየናቸው። ጉድ አደረጉኝ! ጥርሷን ብልጭ ያደረገች ልጅ ፎቶ አድርጌ ነበር። «እቺ ደግሞ ምን ጨንቋት ነው?» ብለው ሳቁብኝ። ከላይ ማኅተም የሚመስል ነገር ነበረ፤ «ቀበሌ ሊያየው ነው» አሉ። ስልክ ቁጥር የሚጠይቀውን ቦታ ሲያዩማ ስልኬን መለሱልኝ። ሁሉንም አወጣሁት። ስልክ የሚጻፍበት አንድ ቦታ ብቻ ቀረ፤ መጨረሻው ላይ «ሰው ያናግረኝ» የሚል ቁልፍ አለ፣ የፈለገ ይጫነዋል፣ ቁጥሩም ለሲስተር ዘሃራ ብቻ ይደርሳል።

ከልጆቹ መሀል አንዱን ናሆም ልበለው። ቀጠን ያለ፣ ዝምተኛ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው። ቸርች ኪቦርድ ይጫወታል፤ አባቱ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ሌሎቹ ሲሳሳቁ እሱ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ሲያነብ ቆየና ቀና ብሎ ጠየቀኝ።

«አንቺስ? አንቺ ታያለሽ?»

«እኔ ቤቱን ሠርቼ ቁልፉን አስረክቤ የምወጣ ሰው ነኝ» አልኩት፣ አፌን ሞልቼ።

«እንደሱ ከሆነ ጻፊዋ። እኔ ካልተጻፈ አልሞላም።»

ጻፍኩት። በመጀመሪያው ገጽ ላይ በሁለቱም ቋንቋ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ እዚህ የምትጽፉትን እናታችሁ አታየውም፣ መምህራችሁ አያየውም፣ የሃይማኖት አባታችሁ አያየውም፤ ማን እንደጻፈው እኛም አናውቅም። ሲስተር ዘሃራ አንብበው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ያን ቀን በራሴ ኮርቼ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ፊቴን የት እንደማደርገው አላውቅም።

መልስ መግባት ሲጀምር ከፈትኩት። መክፈት አልነበረብኝም፤ መልሱን የሚያዩት ሲስተር ብቻ ናቸው፣ ግን የሠራ ሰው መግቢያ አያጣም። ሰበብም ነበረኝ። ኦሮምኛ ሲጻፍ በፊደሎቹ መሀል የምትገባ ትንሽ ጭረት አለች፤ እሷ ጽሑፉን እየቆረጠችው እንዳይሆን ልይ አልኩ። ጭረቷ ደህና ነበረች። እኔ ግን አላቆምኩም። ለምን አላቆምኩም? ሰው የሌላውን ሆድ ሲያገኝ ለምን ዓይኑን አይነቅልም? አነበብኩ፣ ሌላውን አነበብኩ፣ ከዚያ እዚህ ደረስኩ፦

«እሁድ እሁድ ኪቦርድ እጫወታለሁ። እኔ ስጫወት ሰው እጁን አንስቶ ያለቅሳል። እኔ ምንም አይሰማኝም። ጠዋት ስነቃ ለምን ነቃሁ ነው የምለው። አባቴ ሽማግሌ ስለሆነ ይሄ እኛ ቤት አይነገርም።»

ክው አልኩ። ስም የለውም፣ ግን ፊቱ መጣብኝ።  ይሄ ልጅ ራሱን ቢጎዳስ? እኔ አውቄ ዝም ብዬ ቢሆንስ? ተነሥቼ ቢሮው ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልኩ፣ ውኃ ጠጣሁ፣ መልሼ አነበብኩት። ሲስተር ዘሃራ ገና ከጅምሩ «የሚያስፈራ ነገር በማንኛውም መንገድ ጆሮሽ ከገባ ለእኔ ደውዪ፣ ለእኔ ብቻ» ብለውኝ ነበር። ቁጥራቸውን አወጣሁ። አውራ ጣቴ ስማቸው ላይ ቆመ። ብደውል «የት አየሽው?» ይሉኛል። ከፍቼ አነበብኩ ልላቸው ነው? ስልኩን አስቀመጥኩት። ስለ ልጁ ፈርቻለሁ እያልኩ የፈራሁት ለራሴ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁልጊዜ እህት አልማዝ ቤት እንሰበሰባለን። እህት አልማዝ የጸሎት ቡድናችን መሪ ናቸው፤ እናት የሆኑ ሰው፣ ስለ ሰው ሲጸልዩ ጉልበታቸው የማይደክም። ዝማሬ አለ፣ ቃል ይነበባል፣ ከዚያ «የጸሎት ርዕስ ያለው?» ይባላል። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው፤ ሐሜት ኃጢአት ነው፣ የጸሎት ርዕስ ግን ሐሜት አይደለም። ስም አለመጥራት ብቻ ነው። «አንዲት እህት ከባሏ ጋር…» ትላለህ፣ «ስሟን ጌታ ያውቀዋል» ብለህ ትጨርሳለህ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስንቱን የሰው ጓዳ በዚህ በር ገብቼ አይቻለሁ!

ተራዬ ደረሰ። ተናገርኩ።

«መቂ ያለ አንድ ወጣት አለ። ኪቦርድ ይጫወታል፣ የሽማግሌ ልጅ ነው። መኖር አስጠልቶታል። ስሙን ጌታ ያውቀዋል።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዷ «ኢየሱስ!» አለች፣ እህት አልማዝ እንባቸው መጣ። ሁሉንም ልናገር ካልኩ ይህንንም ልናገር፤ ያ ጸጥታ ደስ አለኝ። ሁሉም እኔን ያዩ ነበር። ፍርሃቱ ከእኔ ላይ ወርዶ ለሁሉም ተከፋፈለና ቀለለኝ። የልጁን ምስጢር ሸጬ ለራሴ እፎይታ ገዛሁበት። ተንበርክከን ጸለይን፤ ከልቤ ነበር የጸለይኩት፣ እሱ ደግሞ የባሰው ነው።

ስም አልጠራሁማ! ስም ካልተጠራ ምን አለበት? መቂ ውስጥ ኪቦርድ የሚጫወት የሽማግሌ ልጅ ስንት ሊኖር ነው? ይህን ለማሰብ ዲግሪ አያስፈልግም ነበር። ከቡድናችን አንዷ መቂ እህት አለቻት፤ ደውላ ለጸሎት ነገረቻት። እህቷም ለጸሎት ለጓደኛዋ ነገረች። ማንም ስሙን ሳይጠራ፣ ሁሉም እያለቀሰና እየጾመ፣ ነገሩ አባትየው ጋ ደረሰ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ መጨረሻ የሰማው ናሆም ነው። የሰማውም ቤቱ ሳሎን ውስጥ ነው፣ ሽማግሌዎች ከበውት፣ እጃቸውን ጭንቅላቱ ላይ ጭነው። ከያዘው መንፈስ ነፃ እስኪወጣ ድረስ ኪቦርዱን እንዳይነካ ተወሰነ። ስልኩን አባቱ ወሰዱት፣ ኋላ መለሱለት። በማግስቱ ልጁ ከቤት ወጣ፣ አልተመለሰም።

በልጁ ቤት የሆነውን የነገሩኝ ሲስተር ዘሃራ ናቸው፤ አባትየው ቁጥራቸውን ከልጁ ስልክ አግኝተው ደውለውላቸው ነበር። ቢሮ ተቀምጬ ስልኬ ጮኸ።

«ሊዲያ፣ ማን ነው ያየው?» አሉኝ። ሰላምታ የለም፣ ኢንተላ ኮ የለም። «ልጁ ጠፍቷል።»

ቀጥለው የነገሩኝን ስሰማ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ናሆም ያን መልስ በጻፈ ዕለት መጨረሻ ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጭኖ ነበር፣ «ሰው ያናግረኝ» የምትለዋን። ሲስተር በዚያው ቀን ደውለውለታል። ከዚያ ወዲህ እየደወሉ ያወሩ ነበር፤ ሁለት ጊዜ አዳማ መጥቶ አግኝቷቸዋል፤ መድኃኒት ጀምሯል፣ መተኛት ጀምሯል። መድኃኒቱን ካዘዘለት ሐኪም ጋር ሆነው ለአባቱ እንዴት እንደሚነግራቸው እየተመካከሩ ነበር። የሠራሁት ነገር ሠርቶ ነበር! ልጁ አምኖት፣ በሩን አንኳኩቶ፣ ተከፍቶለት ነበር። ያላመንኩት የሠራሁት እኔው ነኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ሆነብኝ።

«ሲስተር፣ ከዌብሳይቱ የወጣ ነገር የለም» አልኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። «ምናልባት ራሱ ለጓደኛ ነግሮ ይሆናል።»

ዋሸሁ። የመጀመሪያውን ጥፋቴን ድንጋጤ ነው ልል እችል ነበር። ይሄኛውንስ ምን ልበለው?

«ልፈልገው መቂ ልሄድ ነው» ሲሉኝ አብሬ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አትጠይቁኝ፤ ብቀር ያውቁብኛል ብዬ ይሆናል። ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሞጆን አልፈን ቆቃ ስንደርስ ስልካቸውን ከፍተው አሳዩኝ። ናሆም ስልኩን ከማጥፋቱ በፊት አንድ መልእክት ልኮላቸው ነበር፦ «ሲስተር፣ እርስዎን አምኜ ነበር።»

«እኔ ነኝ የመሰልኩት» አሉ፤ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «አንድ ነገር ቢሆን እኔ ከድቼው እንደሆነ እያሰበ ነው የሚሆነው።»

ተናገሪ፣ ተናገሪ፣ ተናገሪ አልኩ በሆዴ። ዓለም ጤና እስክንደርስ እናገራለሁ አልኩ። ዓለም ጤና አለፈ። መቂ መግቢያ ላይ አልኩ። ደላሎቹ እየጮኹ ሽንኩርት የሚጭኑበት ቦታ ላይ ወረድን፤ አፌ እንደተዘጋ ነው። በየመንገዱ ቀጠን ያለ ልጅ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይዘላል። ሰው ተሰብስቦ ባየሁ ቁጥር ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ ምን ሆኖ ይሆን የተሰበሰቡት እያልኩ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም፣ ወደፊትም እንደዚያ የምፈራ አይመስለኝም።

አባትየው በር ላይ አገኙን። ዓይናቸው በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

«ልጄን ምን አደረጉት?» አሏቸው ሲስተርን። «የልጅ ምስጢር ተቀብለው ለከተማው ይዘራሉ? እርስዎ ካልሆኑ ማን ነው?»

«ጋሼ፣ በልጆቼ እምላለሁ ከእኔ አልወጣም» አሉ ሲስተር።

«እና ከማን?»

 እኔ ከሲስተር አጠገብ ቆሜያለሁ። መልሱ እኔ ዘንድ ነው። ጫማዬን አየሁ። አባትየው የሲስተርን ሂጃብ አየት አድርገው «ድሮስ ከእኛ ሰው ጋር ቢነጋገር…» ብለው ተዉት። የሲስተር እምነት ሌላ መሆኑ እሳቸውን ጥፋተኛ ለማድረግ አቀለለው። እኔ የእነሱ ሰው ነኝ፣ እኔን ማን ይጠረጥራል?

ናሆም በማግስቱ ተገኘ። ደራ አክስቱ ቤት ሄዶ ነበር። ደህና ነው ሲሉኝ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከሲስተር ጋር መነጋገር ግን እንቢ አለ። አባትየው ለድርጅቱ አመለከቱ። ሲስተር ከጥናቱ እንዲወጡ ተደረገ፣ ወጣቶቹ ዘንድም ነርሷ አወጣችው የሚለው ወሬ ቀድሞ ደረሰ። ጉዳዩ በተጣራበት ስብሰባ ላይ እኔም ተጠርቼ ነበር። ወደ መልሶቹ መግባት የሚችለው ማን እንደሆነ ሲጠይቁኝ «ሲስተር ዘሃራ ብቻ» አልኩ። ይህን ያልኩት በዚሁ አፌ ነው። ሲስተር ጠረጴዛው ማዶ ተቀምጠው አዩኝ፤ ያዩኝ በንዴት አልነበረም፣ የደከመው ሰው እንደሚያይ ነው።

ከዚያ ወዲያ ጸሎት ቡድኑን በሥራ ሰበብ ተውኩት። በር ሲንኳኳ እደነግጣለሁ። ጊዜ ሲያልፍ ይረሳል ይላሉ፤ ውሸት ነው፣ ፍርሃት አያረጅም።

በቅርቡ አዳማ መናኸሪያ አሰላ መኪና የሚጫንበት ጋ ቆሜ ሳለሁ አንድ ልጅ «ሊዲያ!» ብሎ ተጠመጠመብኝ። ናሆም ነው። ከስቷል። ደስ ብሎት ነበር፣ እኔን በማየቱ! ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ፤ አክስቱ ጋ ደራ እንደሚሄድ ነገረኝ። እንዴት ነህ አልኩት።

«አለሁ። እንቅልፍ እንኳን አሁንም የለም» አለና ሳቀ። «መድኃኒቱንም ያኔ ነው ያቆምኩት። ከዚያ በኋላ ለማንም አላወራሁም፤ ማን ይታመናል? አንቺ እንኳን የሠራሽው ጥሩ ነበር። ያቺ ሴትዮ ናት ያበላሸችው።»

ያቺ ሴትዮ። ጭንቅላቴ ውስጥ የሆነ ነገር ጮኸ። ይሄ ልጅ ዛሬም እንቅልፍ የለውም፤ ሊረዱት የሚችሉትን ሰው በእኔ ውሸት ምክንያት እየሸሸ ነው። ዛሬ ደህና ሆኖ መኪና ውስጥ ይገባል፣ ነገስ? መፍራቴ አልቀረም። ዝም ማለቱ ግን ከዚያ በላይ አስፈራኝ።

«ናሆም፣ ሲስተር አይደሉም። እኔ ነኝ» አልኩት። ከፍቼ እንዳነበብኩ፣ የጸሎት ርዕስ እንዳደረግኩት፣ እንደዋሸሁ፣ ሁሉንም እዚያው ቆሜ ተናገርኩ። ረዳቱ «ደራ! አሰላ! አንድ ሰው!» እያለ ይጮሃል።

ናሆም ቀስ ብሎ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«እሳቸው አልነበሩም?»

«አልነበሩም።»

«በፍጹም?»

«ለማንም አልተናገሩም። መቂ ድረስ ሄደው ፈልገውሃል።»

አንገቱ ሥር እየቀላ መጣ። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ በመታኝ ደግ ነበር። እጁን ዘረጋልኝ። «ቁጥራቸው አለሽ? እኔ አጥፍቼዋለሁ።» ደወልኩና ሰጠሁት። ስልኩን ይዞ ጁስ ቤቱ ጥግ ሄደ። «ሲስተር፣ እኔ ነኝ… የመቂው» ሲል ሰማሁ፤ ከዚያ ጀርባውን ሰጠኝ። ብዙ አወሩ። ሁለት መኪና ሞልቶ ሄደ። ሲመለስ ዓይኑ አብጧል።

«ይቅር በለኝ» አልኩት።

«እሱን ዛሬ እንዳትጠይቂኝ» አለ። «ለሌሎቹ ንገሪ። ነርሷ ናት ያወጣችው ብለው ለማንም መናገር የተዉ አሉ፤ አንዷ ጓደኛዬ ናት።» ደራ አልሄደም። ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሲስተር ወደሚሠሩበት ክሊኒክ የሚሄድ ባጃጅ ያዘ።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው፣ አምናችሁ ለጻፋችሁት። የልጁን ስምም ከተማውንም ቀይሬያለሁ፤ ምን እንደሚቀየርና ምን እንደሚቀር የወሰነው ራሱ ነው። ጽሑፉን ከማውጣቴ በፊት ለሲስተር ዘሃራ ላክሁላቸው፣ ስማቸውን «ሲስተር መ» ብዬ ደብቄ። ሲያነቡት ምን እንደሚሉኝ እየፈራሁ ስልኬን ገልብጬ አስቀመጥኩት። የመለሱልኝ አጭር ነው፦ «አንብቤዋለሁ። ስሜን ግን እንዳትደብቂው። የጠፋው ስሜ ነው።»

ፈርቼ ነበር ብል ምክንያት ይሆንልኛል፤ አልልም። እናንተም ይቅር በሉኝ አልልም፣ ገና የመጠየቅ ፊት የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ስሙኝ፤ ማታ ማታ ብቻችሁን የሚጨንቃችሁ ካላችሁ፣ በእኔ ምክንያት በር ዘግታችሁ እንዳትቀሩ። ሲስተር ዘሃራ አላወጡም። ያወጣሁት እኔ ሊዲያ ነኝ።